ካውያ ያልነካው ጨርቅ

በእኛ በኪሳንጋኒ፣ ኮንጎ ወንዝ ዳር ባለው ሰፈር፣ እንደ ቦሉምቡ ልብስ የሚተኩስ አልነበረም። ሸሚዝና ቀሚስማ ማንም ይተኩሳል! እሷ ካልሲ አትል፣ መሀረብ አትል፣ የሕፃን የሽንት ጨርቅ ሳይቀር በከሰል ካውያዋ ፊትና ጀርባውን ትደፈጥጠዋለች። ዓሣ አጥማጆቹ "ማማ ቦሉምቡ፣ መረቤንስ አትተኩሺልኝም?" እያሉ ይቀልዱባታል። "አምጣው፤ አንተንም ጨምሬ እተኩስሃለሁ!" ትላቸዋለች።

ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም። በዝናብ ወራት የተሰጣ ልብስ ላይ እንቁላሏን የምትጥል ዝንብ አለች። ካውያ ያልገደለው እንቁላል ይፈለፈልና ትሉ የለባሹ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ እኛ ጋ አጣቢ የምትታመነው በሳሙናዋ ሳይሆን በካውያዋ ነው። ቦሉምቡም ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትታመን ኖራለች።

አንድ ቀን ብቻ! አንድ ቀን ገመዱ ሞላባትና የአስተማሪውን ልጅ ጨርቆች ሣር ላይ አሰጣቻቸው። ትልልቁን ልብስ ተኩሳ ስትጨርስ ከሰሉ አለቀ፤ ዝናቡም መጣ። "ለአንድ ቀን ምን ይሆናል?" አለችና ጨርቆቹን በመዳፏ ዳምጣ፣ አሳምራ አጥፋ ሰጠች። አይ ሰው!

ከዐሥር ቀን በኋላ፣ ሐሙስ ቀትር ላይ፣ ሳፋዋን ተሸክማ እዚያው አስተማሪው ግቢ ስትገባ የሕፃን ጩኸት ተቀበላት። የሰባት ወሩ ኤሴንጎ አያቱ ጭን ላይ በሆዱ ተደፍቷል። እናቱ ኦደት ግድግዳ ተደግፋ ታለቅሳለች። ፀጉር ቆራጩ አሱማኒ፣ ያው ብጉንጅም የሚበጣው እሱ ነው፣ ምላጩን በሱሪው ይጠርጋል።

"ጡትሽ ነው!" ይላሉ አያትየው ኮኮ ሊቶኮ፣ ምራታቸው ላይ ጣታቸውን ቀስረው። "የተበላሸ ወተት አጥብተሽ ልጁን ብጉንጅ አወረድሽበት።"

"ኧረ ኮኮ፣ ትንኝ ነክሶት ቢሆንስ?"

"የትንኝ ንክሻ እንዲህ ያብጣል? ትል ነው እንዳልል፣ ጨርቁን የምትተኩሰው ቦሉምቡ ናት። ይኸው መጣች፤ እስኪ ንገሪያት!"

ቦሉምቡ ሳፋውን አውርዳ ጎንበስ አለች። ሦስት እብጠት፣ ልክ ጨርቁ የሚታሰርበት ወገቡ ላይ። በእያንዳንዱ መሀል የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ክፍተት አለች፤ የሚወጣው መግል ሳይሆን ውኃ ነው። ቀዳዳዋ ውስጥ ጥቁር ነጥብ አለ። ነጥቡ ወደ ውስጥ ገባ፤ ተመልሶ ብቅ አለ።

ክው አለች። ትል ነው ብትል፣ "ማን አመጣው?" ይባላል። ፀሐይ ሳትጠልቅ ዐሥራ አራት ቤት ልብሱን ይቀማታል። እንጀራዋ እዚያው ተዘጋ ማለት ነው። ሆድ ይፍጀው አለች።

"እስኪ መጀመሪያ ፓልም ዘይት እንቀባው፤ ያለሰልሰዋል" አለች፣ ነገር ሳታወጣ ልጁን ለማትረፍ።

"ዘይት? ምላጬ እንዲያዳልጠኝ?" ሳቀባት አሱማኒ። "ማማ ቦሉምቡ፣ አንቺ ጨርቅሽን ተኩሺ፤ ቆዳውን ለእኔ ተይው!"

ምላጩን አየችው። ጠዋት የስንት ሰው ፂም ላጭቶበታል! ደግሞ ትሉን ከሁለት ቢቆርጠው፣ ግማሹ ሥጋ ውስጥ ይቀርና ይመግላል። ኮኮ የልጁን እግሮች ጥርቅም አድርገው ያዙ። ኦደት ጆሮዋን ደፍና "ጡቴ ነው፣ ጡቴ ነው" ትላለች፤ ምስኪን፣ አምናለች። ምላጩ ወረደ።

ቦሉምቡ የአሱማኒን ክንድ አፈፍ አደረገች። "ተው! ትል ነው!"

"የምን ትል?"

"የእኔ! ከሰል አልቆብኝ ጨርቁን ሳልተኩስ ሰጠኋችሁ። በእጄ ነው የዳመጥኩት።" ወደ አያትየው ዞረች። "ስድቡን በኋላ፣ ኮኮ። አሁን ዘይት ያምጡልኝ!"

ዘይቱን በላይ በላዩ ቀባችበት፤ ቀዳዳዋ እስክትደፈን። ትሉ አየር ሲያጣ ራሱ ብቅ ይላል፤ መጠበቅ ብቻ ነው። መጠበቁ ግን ነፍስ ያወጣል። ልጁ ይጮኻል፣ ኮኮ ያጉተመትማሉ፣ አሱማኒ ምላጩን አልሸጎጠም። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ ጥቁሯ ነጥብ ወጣ አለች። ቦሉምቡ በሁለት አውራ ጣቶቿ ከግራና ከቀኝ ቀስ ብላ ገፋችው። ሩዝ የምታክል ነጭ ወፍራም ትል ዱብ አለች። ሁለተኛውም ወጣ።

ሦስተኛው እምቢ አለ።

"ጭመቂውና ይገላገል!" አለ አሱማኒ።

"ውስጥ ይፈነዳል። ዝም በል!" እንደገና ቀባች፤ እንደገና ጠበቀች። ላቧ በአፍንጫዋ ጫፍ ይንጠባጠባል። በመጨረሻ ብቅ ሲል ቀስ ብላ ገፍታ ሙሉውን አወጣችው። ቁስሉን በሳሙና አጠበችና "ካተኮሰው፣ ዙሪያውም ከቀላ ሐኪም ቤት ውሰጂው" አለቻት ኦደትን። ልጁ ያንኑ የተወነጀለውን ጡት ጎርሶ ተኛ።

ያኔ ኮኮ ሊቶኮ ተነሡ። "በእጅሽ ዳመጥሽው፣ አይደል? ውጪ! ደጄን እንዳትረግጪ!"

አሱማኒ ወሬውን ለሚላጨው ሁሉ አደለው። በማግስቱ ባለልብሶቹ እርጥቡን ሳይቀር ከገመዷ ላይ ሰበሰቡ። ቦሉምቡ ካውያዋን ሰቅላ ወደቡ ላይ በቅጠል የተጠቀለለ ካሳቫ መሸጥ ጀመረች። ምርር ብላ አለቀሰች፤ ማንም አላባበላትም።

ግን እናቶች አንድ በአንድ እየተሽኮረመሙ መምጣታቸው አልቀረም። ልጃቸውን ገልጠው ያሳይዋታል። "የንብ ነው፣ የትንኝ ነው፣ ወይስ ያንቺ?" የንብ ከሆነ እሾኩን በጥፍሯ ፈቅፍቃ ቀዝቃዛ ውኃ ታደርግበታለች። የትንኝ ከሆነ "እንዳያከው ጥፍሩን ቁረጪለት" ትላለች። የእሷ ከሆነ ዘይት ታነሣለች።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በዝናብ ወራት፣ ኮኮ ሊቶኮ የኦደትን አዲስ ልጅ አዝለው ወደቡ ላይ ከች አሉ። ቦሉምቡ ደንግጣ ብድግ አለች።

"ታርቄሽ እንዳይመስልሽ" አሉ፣ ማዘያውን እየፈቱ። "እስክሞት አንዲት ጨርቅ አልሰጥሽም።" ሕፃኗን አውርደው እቅፏ ውስጥ አስቀመጡላት። "ይቺን ግን እንቺ፣ እይልኝ።"