ቦዩን የደበቅንበት ጸደይ

ልጅ ሳለሁ፣ ስዊድን አገር ብሬዴንግ የሚባል ሰፈር እንኖር በነበረበት ጊዜ፣ እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ስለምትገባ ከታላቅ ወንድሟ ከጋሼ መርዕድ ጋር ታውለኝ ነበር። ጋሼ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ የጥንት መኳንንት ቤት መናፈሻ ውስጥ አትክልተኛ ነበሩ። ያኔ በኅዳር፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ መጨለም ሲጀምር፣ የተገረዙትን ቅርንጫፎች በብረት በርሜል ውስጥ ያነዱና ፋኖሱን የመሣሪያ ቤቱ በር ላይ ሰቅለው፣ የእርጥብ ቅጠል ጢስ ዓይኔን እያቃጠለኝ፣ ስለ መናፈሻው ያወሩልኝ ነበር።

«ይህ ጉብታ የእግዜር ሥራ ይመስልሻል? ሰው ነው በጀርባው አፈር ተሸክሞ የቆለለው። ሐይቁም ቢሆን ተቆፍሮ ነው።»

እንደሳቸው አነጋገር፣ የቤቱ ጌታ በድሮ ዘመን እንግሊዝ አገር ሄዶ የዚያን አገር ጌቶች መናፈሻ አየና፣ ሲመለስ በመስመር የተተከለው ዛፍና በመቀስ የተከረከመው አጥር ሁሉ አስጠላው። ሁሉንም አስነቅሎ ቦታው ያለ ሰው እጅ የበቀለ እንዲመስል አደረገ። ከመስኮቱ ሆኖ ሲያይ ግን ቁልቁለቱ ላይ የጭሰኞች ጎጆዎች ታዩት፤ ዕይታዬን አበላሹ ብሎ አፈረሳቸው። ከተባረሩት አንዷ ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ከመሄዷ በፊት አስፕ የሚባለውን ዛፍ ሥር በሽርጧ ቋጥራ አመጣችና ልክ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ቀበረችው። አስፕ አንዱን ሲቆርጡት ከሥሩ አሥር ሆኖ ይነሣል። ጌትየው ዕድሜውን ሙሉ ሲያስቆርጥ ኖሮ፣ ቅጠሉ መስኮቱን እንደጋረደው ሞተ።

«እሰይ!» እል ነበር እኔ። ጋሼም ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ ይስቁ ነበር።

በዓመቱ እንዲህ ያለ በደል በጋሼ በራሳቸው ላይ ደረሰ። ጋሼ ለብዙ ጊዜ መሬቱን በብረት ዘንግ እየወጉ ከሣሩ ሥር የተቀበሩትን የጥንት መንገዶች አንድ በአንድ አግኝተው፣ በእጃቸው ካርታ ሥለው ነበር። አለቃቸው ልየው ብሎ ወሰደው። መናፈሻው ታድሶ ሲመረቅ ካርታው በመስተዋት ውስጥ ተሰቅሎ አየነው፤ ከሥሩ የአለቃው ስም ብቻ ተጽፎበታል። እንግዶቹ ሲያጨበጭቡለት ጋሼ ወንበር ያመላልሱ ነበር። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁ።

አንድ ነገር ብቻ ካርታው ላይ አልነበረም፤ የሐይቁን ትርፍ ውሃ የሚያወርደው፣ በድንጋይ የተከደነው ቦይ። ጋሼ አፉን በኋላ አገኙትና ለእኔ ብቻ አሳዩኝ።

በጸደይ በረዶው ሲቀልጥ ቦዩ ተደፍኖ ኖሮ ሐይቁ ሞልቶ ሜዳውን ዋጠው። አለቃው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ «መርዕድ፣ ቦዩ የት ነው?» አለ።

«ካርታህ ላይ ፈልገው» አሉት ጋሼ በስዊድንኛ፣ ረጋ ብለው።

ከዚያ አለቃው ወደ እኔ ዞረና ጎንበስ ብሎ «አንቺስ ታውቂያለሽ?» አለኝ። የቆምኩበት ከቦዩ አፍ አሥር እርምጃ እንኳ አይሞላም። ያቺ ከጎጆዋ የተባረረችው ሴት ትዝ አለችኝ። «ቬት ኢንተ» አልኩት፤ አላውቅም። ተስፋ ቆርጦ ሲዞር ሳይ እንደ ማር ጣፈጠኝ።

ውሃው ለሳምንታት ተኛ። አለቃው ሜዳውን አጠፋህ ተብሎ ከቦታው ተነሣ። በዚያው በጋ ግን ጋሼ ከዚያ ሁሉ ብርድ ተከላክለው እንደ ልጅ ያሳደጓቸው፣ ቡክ የሚባሉት የሜዳው ዛፎች ሥሮቻቸው በስብሰው ደረቁ። የቆረጧቸውም ራሳቸው ጋሼ ነበሩ።

ጋሼ አሁን ጡረታ ወጥተው ስፖንጋ የሚባል ሰፈር ይኖራሉ። ባለፈው ሰሞን ልጠይቃቸው ሄጄ ያንን ጸደይ አነሣንና፣ «ጋሼ፣ ልክ አስገባነው አይደል!» አልኳቸው እየሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

«እኔስ አፌ እምቢ አለኝ» አሉ ወደ መስኮቱ እያዩ። «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ትነግሪዋለሽ ብዬ ነበር ስጠብቅ የነበረው። ዛፎቼ ይተርፉ ነበር።»

ለካ ተረታቸውን ከሳቸው ይልቅ ያመንኩት እኔ ኖሬያለሁ። ስለ ዛፎቹ ሳስብ ዛሬም አዝናለሁ፤ የዚያ ሰው ፊት ትዝ ሲለኝ ግን፣ እውነቱን ልናገርና፣ አሁንም ደስ ይለኛል።