የመናፈሻው ሣር

ልጄ አዲስ አበባ ያለውን ትልቁን መናፈሻ ልታሳየኝ ወሰደችኝ። እኔ ጅሉ ሽማግሌ በአበባው አፌን ከፍቼ ስሄድ ሣሩ ላይ ወጣሁ። ጥበቃው “አባባ፣ ሣሩ አይረገጥም!” ብሎ ሲጮህብኝ ክው አልኩ። ድንጋጤውና የሣሩ ሽታ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ጉደር መለሱኝ።

ያኔ የጎረቤታችንን የኦቦ ቶሎሳን እንስራ በወንጭፍ ሰብሬ ነበር። አባቴ፣ “እርጥብ ሣር ይዘህ ሂድ። ሣር ይዞ ይቅርታ የጠየቀን ሰው ማንም አይመታም” አለኝ። ኦቦ ቶሎሳ ሣሩን ሲያዩ ያነሱትን ዱላ ጣሉ፤ ግንባሬን ሳሙኝ።

አሁንም ጎንበስ አልኩና እጄን ሞልቼ ለጥበቃው ዘረጋሁለት።

“ይቅር በለኝ፣ ልጄ።”

ጥበቃው እጄን አየ፤ እግሬ ሥር የተራቆተውን መሬት አየ። ልጄ ፊቷን ሸፈነች።

“አባባ!” አለ፣ “ጭራሽ ነጩት?”