ስሜነሽ የሰፋችው በር

ስሜነሽ ገብረ ኪዳን ሞጣ ውስጥ የመጽሐፍ ማኅደር ሰፊ ነበረች። ቆዳ ቆርጣ፣ በወስፌ ወግታ፣ በጅማት ትሰፋለች፤ ካህናቱም መጽሐፋቸውን እሷ በሰፋችው ማኅደር ከተው በትከሻቸው ያነግታሉ። እጇ የተፍታታው ቢቸና፣ አባቷ ቤት ነው። አባቷ አለቃ ገብረ ኪዳን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ናቸው። ቀለም ትፈጭላቸው፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ሸማ ትወጥርላቸው ነበር። ብሩሽ ግን አላስያዟትም። "ለሴት ልጅ መፍጨቱ ይበቃታል" ይሉ ነበር። እሷ ግን ከጓሮ ተቀምጣ በከሰል ገል ላይ ዓይን እየሣለች አደገች። ሌላ ሳይሆን ዓይን ብቻ። ሠዓሊ ሁሉ የሚፈራው እሱን ነውና።

በ1960 ዓ.ም. ገበሬው አዲሱን የእርሻ ግብር አልከፍልም ብሎ በተነሣበት ግርግር ጊዜ ባሏ ደምለው ሞተ። ከሞጣ ወጣ ብሎ የነበረው ቤታቸውም በዚያው ሰሞን ነደደ። ሬሳውን የማያውቁት ሰዎች በወደቀበት ቀበሩት፤ ይኸውና እዚህ ነው ብሎ ቦታውን የሚያሳይ አልተገኘም። ስሜነሽና አማቷ እማማ ሀብትነሽ ከፍርስራሹ ያወጡት ግማሹ የከሰለ የዋንዛ በር፣ ጫፉ የተቃጠለ የደምለው ጋቢና አንድ ስልቻ አመድ ነው። ያንን ተሸክመው ሞጣ ገቡና አንዲት ክፍል ተከራዩ።

ስሜነሽ በሩን ግድግዳ ላይ አስደግፋ ሥራ ጀመረች። ሥዕል መሥራቷ አልነበረም። እሳቱ ከበረደ በኋላ ያየችውን ያንን ጧት እንደነበረ ማስቀመጥ ነው የፈለገችው። ሰው የለበት፣ ቤት የለበት፤ ጥቁር ነው፣ ግራጫ ነው፣ መሃሉ ላይ የሆነ ነገር ጎድሏል። የባሏን መቃብር የማታውቅ ሴት ናት፤ ሄዳ የምትቆምበት ቦታ ያ በር እንዲሆንላት ፈለገች።

አመዱ አስቸገራት። ከቆዳ ቁራጭ በተቀቀለ ሙጫ ስትለውሰው ደረቀና ተሰነጣጥቆ ረገፈ። በእንቁላል አስኳል ስትሞክረው ያዘ፣ ግን ቅቤ የተቀባ ጸጉር መሰለና አበራ። ያ ጧት አያበራም ነበር። ፋቀችው። በመጨረሻ ተልባ ቀቅላ ውኃውን አጠለለችና በሱ ለወሰችው፤ ያዘም፣ እንደፈዘዘም ቀረ። የጋቢውን የተቃጠለ ጫፍ እንዳይፈረፈር ከሥሩ በስስ ቆዳ ደግፋ በሩ ላይ ሰፋችው። ከመሃል ብራና ወጠረች፤ በብራናው ላይ ደግሞ እሳቱን እንዲያስታውስ ብላ ቀይ የፍየል ቆዳ ሰፋችበት።

ጎረቤቷ ጠላ ሻጯ አገሬ በደጅ ስታልፍ ብቅ ትላለች።

"ስሜ፣ በር እየሰፋሽ ነው አሉ። ዋንዛውን ሱሪ ልታለብሺው ነው?"

"ሱሪስ አለው፤ ቀበቶ ነው የቸገረው።"

"እኔስ እብደት ነው ብዬ ነበር፤ ለካ ልብስ ስፌት ነው!"

አለቃ ገብረ ኪዳን አንድ ልማድ ነበራቸው። ሥዕል አለቀ ሲሉ ጀርባቸውን ሰጥተውት ሌላ ወሬ ያወሩና ድንገት ዞር ይላሉ፤ ዓይናቸውን ቀድሞ የሳበውን ነገር ያደበዝዙታል። ስሜነሽም ይህንኑ አደረገች። በሩን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ገበያ ትወርዳለች፤ ስትመለስ ነጠላዋን ሳታወልቅ ትገለብጠዋለች። ሁልጊዜ ዓይኗ ዘሎ የሚያርፈው ቀዩ ቆዳ ላይ ነው። ስፌቱ የሚያምር ነበር፤ ከሰፋችው ሁሉ የሚበልጥ። ብዙ ጊዜ ራሷን ሸነገለች። አንድ ቀን ግን፣ "ይሄ ሙያዬን ላሳይበት የሰፋሁት እንጂ እሳቱ አይደለም" አለችና ጅማቱን በምላጭ እየቆረጠች አነሣችው። በብራናው ላይ የወስፌው ቀዳዳ ዙሪያውን ቀረ። ልትደፍነው ተልባውን ካነሣች በኋላ እጇ ቆመ። የጎደለው ነገር እሱ ነበር፤ አንድ ነገር ተሰፍቶበት የነበረ፣ አሁን የሌለበት ቦታ።

በሩን አዞረችው፣ ገበያ ሄደች፣ መጣች፣ ገለበጠችው። ዓይኗ የትም አልሮጠም። ቁጭ ብላ አለቀሰች። ደምለው ከሞተ ወዲህ እንዲያ ሆና ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነው።

እማማ ሀብትነሽ ግን በሩን አልወደዱትም።

"ዓይኑ የት አለ?" አሉ።

"ዓይን የለውም፣ እማዬ። ሰው አይደለም።"

"ሰው ካልሆነ የልጄን ጋቢ ለምን አለበስሽው?"

አሮጊቷ ከሥዕል የሚያውቁት ቤተ ክርስቲያን ያዩትን ነው፤ እዚያ ደጎቹ ፊታቸውን ወደ ሚያያቸው ሰው መልሰው በሁለት ዓይን ያያሉ፣ ክፉዎቹ በጎን ተሥለው አንድ ዓይን ብቻ አላቸው። ዓይን የሌለው የለም።

"ልጄን ሽፍታ ብለው እንደ ውሻ ቀበሩት። አንቺ ደግሞ ከደጎችም ከክፉዎችም አወጣሽው። ሁለት ዓይን አድርጊለት፤ ሌላ አልልሽም።"

"ይበላሻል፣ እማዬ።"

"አንቺ ነገ ሌላ ባል ታገቢያለሽ። እኔ ሌላ ልጅ አልወልድም።"

ስሜነሽ ጥላሸት በጥበጠች፣ ብሩሽ አበጀች። የወስፌው ቀዳዳ በከበበው ባዶ ብራና ላይ፣ በገል ስትለማመድ ያደገችውን ሁለት ዓይን ሣለች። እጇ አልሳተም፤ ቢስት ይሻላት ነበር። ዓይኖቹ እንደተከፈቱ አመዱ ጢም ሆነ፣ ጋቢው ካባ ሆነ፣ የከሰለው እንጨት ዋሻ መሰለ። ያ ጧት ከበሩ ላይ ጠፋ። እማማ ሀብትነሽ ተንበርክከው ሳሙት።

አገሬ መጣች፤ አልቀለደችም፤ አማተበች። ሌሎችም ተከተሉ። ስሜነሽ ዓይኖቹን ልትፍቅ ምላጭ ብታነሣ አማቷ እጇን ያዙ። "የጻድቅ ዓይን ልታወጪ ነው?" አሉ። ያኔ ገባት። ቀዩን ቆዳ ማንሣት ትችል ነበር፣ ይህን ግን አትችልም። ሰው የተሳለመውን ማን ይፍቃል?

ብዙም ሳይቆይ የደብሩ ቄስ መምሬ ኃይለ ሚካኤል መጡ።

"ሰው የሚሰግድለት ሥዕል ሰው በሚተኛበት ቤት አይቀመጥም" አሉ። "ከደብሩ እናግባው።"

እማማ ሀብትነሽ በደስታ እልል አሉ። በሩ ተጫነ፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በወንዶቹ በኩል ተሰቀለ። ሴት እዚያ አትደርስም። ስሜነሽ በሴቶቹ በኩል ቆማ የምታየው የተጋረደበትን መጋረጃ ጫፍ ብቻ ነው።

በዓመቱ አለቃ ገብረ ኪዳን ልጃቸውን ሊጠይቁ ከቢቸና መጡ። ወሬውን ሰምተው ነበርና ገብተው አዩት። ሲወጡ ፊታቸው በርቷል።

"ዓይኖቹ ከኔ ይበልጣሉ" አሏት።

ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ቃል ነበር።

"የቀረውን ግን ለምን እንዲህ አቆሸሽሽው? ከመምሬ ጋር ተነጋግረናል። ሰማያዊ ቀለም ይዣለሁ፤ ልብሱን አስተካክዬለት ልሂድ።"

"አባዬ፣ እሱ እኮ የደምለው ቤት አመድ ነው። ጋቢውም የሱ ነው።"

"አመድማ አመድ ነው፣ ልጄ። ጻድቅ አመድ ለብሶ ይቁም? በይ ወፍጮውን አምጪ፤ ያንቺን ያህል አድቅቆ የሚፈጭ የለም።"

ስሜነሽ ከቅጽሩ በር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ሰማያዊውን ዱቄት በውኃ እያረጠበች ፈጨች፤ በጣቷ መሃል አሸት አድርጋ ሻካራ ቅንጣት አለመቅረቱን አየች፣ ደግማ ፈጨች። አንድ ዲያቆን በዋንጫ እየተቀበለ ወደ ውስጥ ወሰደው። እማማ ሀብትነሽ ከጎኗ ቆመው፣ "ሰማያዊ ያምርበታል፤ ደምለውም ሰማያዊ ይወድ ነበር" አሉ።

አይወድም ነበር። ስሜነሽ ግን መፍጨቷን ቀጠለች፤ ቀለሙም በቃ እስኪሏት ድረስ አላነሰም።