ጥፍር ያለው ዱካ

ትናንት ልጄ ከእንጅባራ ገበያ የነብር ቆዳ የሚመስል ሻሽ ገዝታ አንገቷ ላይ ጠምጥማ መጣች። ያምርባታል፣ አልዋሽም። እኔ ግን ያን ዝንጉርጉር ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ እንቁላል እንኳ ውሃ ውስጥ ሳልከት የማላምን ሰው ነኝና ሻሹን ተቀብዬ አሸተትኩት፣ ከአዲስ ጨርቅ ሽታ በቀር ምንም የለውም።

ልጅ ሳለሁ ጥርባ፣ ከጫካው ጥግ ስንኖር በየጊዜው በግ ይጠፋ ነበር፤ አገሩም ሁሉ በዓይኑ ሳያየው «ነብር ነው» ይል ነበር። አባቴ ነብር ሲራመድ ጥፍሩን እንደሚሸሽግ፣ ዱካው ላይ ጥፍር ከታየ ግን ውሻ ወይም ጅብ እንደሆነ አስተምሮኛል። የጎረቤታችን የእማማ ጥሩነሽ አንዲት በግ የተበላች ጠዋት፣ ማንንም ሳላምን ጭቃው ላይ ጎንበስ ብዬ አየሁ፤ ዱካው ጥፍር አለው፣ አንድ ጣትም ይጎድለዋል። ጣቱ የጎደለ ውሻ በመንደሩ አንድ ብቻ ነበር፤ የእኛው መቻል፣ ቀን ቀን ዝንብ እንኳ የማያባርረው፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ወንዙ ድረስ ወርዶ የሚቀበለኝ ጓደኛዬ።

በግ የቀመሰ ውሻ ፍርዱ ገመድ ነው፣ ይሰቀላል። ዱካውን በእግሬ ረጋግጬ አጠፋሁና እማማ ጥሩነሽ እያለቀሱ «ምን አየሽ፣ ልጄ?» ሲሉኝ «ነብር ነው፣ እማማ» አልኳቸው።

በዚያው ጠዋት ወንዶቹ ጦርና ጠመንጃ ይዘው፣ ውሾቻቸውን አስከትለው ጫካውን ከበቡ፤ መቻልም ጅራቱን እየቆላ አብሮ ሄደ፣ ጉድ እኮ ነው! አጥንቷ የወጣ አሮጊት ነብር ተሸክመው መጡ። አባቴ መዳፏን ገልብጦ አየ፣ ቀጥሎ ዱካውን ያጠፋሁበትን፣ ጭቃ የጋገረበትን እግሬን አየ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መቻልን ማታ ማታ በሰንሰለት ያስረው ጀመር፤ በግ መጥፋቱም ቀረ፤ ሰዉም ነብሯ ስለሞተች ነው ብሎ አመሰገነ።

ዛሬ ያ ጫካ የለም፤ ለከሰል የሚቆረጥ ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ ተተክሎበታል። እማማ ጥሩነሽም፣ አባቴም፣ መቻልም አፈር ለብሰዋል፤ እውነቱን የምነግረው፣ ይቅርታ የምጠይቀው ሰው አልቀረኝም። ያቺ ነብር ግን ከሁሉም በላይ ታሳዝነኛለች።

ልጄ ሻሿን እስክመልስላት እየጠበቀች እውነተኛ ነብር አይቼ እንደማውቅ ጠየቀችኝ።

«ኧረ እኔ የት አባቴ አይቼ!» አልኳት።

ልክ አያቷ እግሬን እንዳየው እጄን አየች፣ ሻሹን እንደጨበጥኩት ነበር፤ ከዚያ ቀስ ብላ ከጣቶቼ አላቀቀችውና አጣጥፋ አስቀመጠችው።