ሙሚና የሠራችው «አቤት»

በ2004 ዓ.ም. ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነበር። የማወራው የወጣትነት ታሪክ የእኔ አይደለም፤ የልጄ የሙሚና ነው። ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት ጎባ ባንክ ውስጥ የሆነው ነው። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ስልኬን ስነካካ አይታ፣ «አባባ፣ ደጋግመው አይጫኑት፣ አንዴ ይበቃል» አለችኝ። ያን ቃል ድሮ ሌላ ሰው ብሎኝ ነበር። ጉዳዬን ትቼ ወጣሁ።

ማር ነጋዴ ነኝ። አንገቱ ከሚባለው አገር ጫካ የሚመጣ ማር እሸጣለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ለራሴ ያህል ነው። ሙሚና ግን ሮቤ ኮምፒውተር ትማር ነበር። ከልጅነቷ የልብ ሕመምተኛ ናት፤ የዚያን ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ባሰባትና ቤት ገባች። ጭጋጉ ከተራራው ወርዶ ደጃችን ይቆማል፤ እሷ ብርድ ልብስ ተከናንባ ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ ታደርጋለች። ማር የሚፈልግ ሰው ካለበት ሆኖ የሚያዝበት የኢንተርኔት ገጽ ነው የምትሠራው፤ የመመረቂያ ሥራዋ ነው፤ ሰኞ መምህሯ ሊያየው ነው። ተይው፣ ሐኪሙ ዕረፊ ብሎሻል አልኳት። እኔ ግትር ነኝ፤ እሷም የኔው ልጅ።

«ገጹ ቁጭ ብሎ ያደምጣል፣ አባ» አለችኝ። «ሰው ሲነካው ምን ማድረግ እንዳለበት ቀድሜ እጽፍለታለሁ። ሳይነኩት ስክሪኑ ላይ የምትንቀሳቀሰው ቀስት በላዩ ስታልፍ እንኳ ያውቃል።»

«ውሻ ነው በይኛ» አልኳት።

ሳቀችና እስቲ እርስዎ ይዘዙ ብላ ሰጠችኝ። «አንድ ባልዲ ማር» የሚለውን ተጫንኩ። ዝም። እኛ ቤት ልጅ ሲጠራ «አቤት» እስኪል ይጠራል፤ ዝም ካለ አልሰማም ማለት ነው። እኔም ደግሜ ደጋግሜ ተጫንኩ። ለካ ገጹ ሥራ ላይ ኖሯል፤ በተጫንኩ ቁጥር አንድ ባልዲ እየጨመረ ደረደረው።

«አንዴ ይበቃል፣ አባ» አለች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ።

«አቤት አላለኝማ» አልኳት።

ሳሏን ዋጥ አድርጋ ኮምፒውተሩን ተቀበለችኝ። ከዚያ ወዲያ እናቷ ያቀረበችላት የገብስ አጥሚት እየቀዘቀዘ ይነሳል። ቅዳሜ ከሰዓት ጠራችኝና አንዴ ተጫንኩ። የተጫንኩት ቁልፍ ወዲያው ደበዘዘና ከሥሩ ጽሑፍ ወጣ። ፊደል በፊደል አነበብኩት፤ «አቤት» ይላል። እልህ ይዞኝ ደገምኩት፤ የያዘውን ሥራ እስኪጨርስ ጆሮ አልሰጠኝም። የታዘዘው አንድ ባልዲ ብቻ ሆነ።

«አሁን ሰኞ ይምጣ» አለችና ጋደም አለች።

እሁድ ጎህ ሲቀድ ጠራኋት። ደግሜ ጠራኋት። እስኪነጋ ጠራኋት። ከሰዓት በዝናብ ቀበርናት።

አሁን ብዙ ነገር እረሳለሁ። የሳቋ ድምፅ እንኳ አንዳንዴ ይጠፋብኛል። ያቺ ቃል ግን ከነፊደሏ ዓይኔ ላይ ናት።

ከቀብሯ ማግስት፣ ሰኞ ጠዋት፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ተቀመጥ፣ ነውር ነው አለኝ። አልተቀመጥኩም። ኮምፒውተሩን በጋቢዬ ጠቅልዬ በሚኒባስ ሮቤ ሄድኩ። መምህሯ አልሰማም ነበርና፣ ሙሚናስ ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ኮምፒውተሩን ተቀብሎኝ ገጹን ከፈተ። ጣቱ ወደ ቁልፉ ሲሄድ እጁን ያዝኩት።

«አንዴ ብቻ ተጫን» አልኩት። «ትሰማለች።»