የአጅዋንግ የጨው ውሃ

አጅዋንግ ወንበር አትወድም። ለላቦራቶሪዋ የተሰጣት አንድ ወንበር የስላይድ ሣጥን ማስቀመጫ ከሆነ ሦስት ዓመቱ ነው። ማይክሮስኮፕ የምታየው ቆማ፣ አንድ ጉልበቷን እያወዛወዘች ነው፤ ምሳዋን የምትበላው በረንዳው ላይ እየተመላለሰች ነው። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ አብረዋት የተማሩት አንድ በአንድ ከተማ ገብተው የቢሮ ጠረጴዛ ሲይዙ እሷም ተጠርታ ነበር። ሄደች፣ ሁለት ቀን ተቀመጠች፣ በሦስተኛው ቀን ከአልዌሮ ግድብ ወዲህ ወዳለችው ትንሽ ክሊኒክ ተመለሰች።

"ምነው?" ሲሏት፣ "እዚያ ሰው ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል" አለች።

በ1987 ሐምሌ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣ ስድስት ሰዎች ጥሩነሽ የምትባል የሰፋሪ መንደር ሴት በቃሬዛ ይዘው መጡ። ጎህ ሲቀድ ወንድ ልጅ ተገላግላለች፤ ልጁ ደህና ነው። እሷ ግን ደሟ ሲፈስ ቆይቶ ከንፈሯ ነጥቷል። ነርሱ ባንተአምላክ መድማቱን አስቆመና ወደ ላቦራቶሪው መጣ።

"አጁ፣ ደሙ ቆሟል። ግን ባዶዋን ነው የቀረችው። እስከ ቀትር ደም ካልሰጠናት የምትተርፍ አይመስለኝም።"

ወደ ጋምቤላ የሚወስደው መንገድ በጎርፍ ከተቆረጠ አራት ቀን ሆኖታል። የሚገኘው ደም ግቢው ውስጥ ባሉት ሰዎች ደም ሥር ያለው ብቻ ነው። አጅዋንግ የሁሉንም ጣት እየወጋች የደም ዓይነታቸውን መረመረች። ጥሩነሽ ቢ ናት። ባሏ አስማረ ኤ ሆነ፤ ከተሸካሚዎቹም አንድም ቢ ወይም ለሁሉ የሚሰጠው ኦ አልተገኘም። ቢ የሆነው የክሊኒኩ ዘበኛ፣ ትርፍ ጊዜውን ግድቡ ላይ ዓሣ የሚያጠምደው አኙዋክ ኦባንግ ብቻ ነበር። ሌሎቹም ምርመራዎች ነጻ ሆኑለት። እሱም ሳይጠየቅ እጅጌውን ሰበሰበ።

"ውሰጂ። ግማሹ ዓሣ ነው እንጂ ደሙስ አለ።"

ከተሸካሚዎቹ አንዱ ሳቀ፤ ሌሎቹ ፊታቸውን አዞሩ። ከአራት ዓመት በፊት፣ መንግሥት ሲለወጥ በነበረው ግርግር፣ በሰፋሪዎቹና በአኙዋኮቹ መካከል ቤት ተቃጥሎ ሰው ሞቷል። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ እንጂ ቤት ለቤት አይጠያየቁም።

የደም ዓይነት መመሳሰሉ ብቻ አይበቃም። የሰጪው ቀይ ሕዋስ በጨው ውሃ ተበጥብጦ ከተቀባዩ የደም ውሃ፣ ሕዋሱ ሲዘቅጥ ከላይ ከሚቀረው ፈሳሽ፣ ጋር ተቀላቅሎ መታየት አለበት። ከተያያዘ አይሰጥም፤ ከፈረሰም አይሰጥም። አጅዋንግ እጇ እየተጣደፈ ቀላቅላ ቱቦውን ወደ መስኮቱ አነሳችው። ድፍርስ መሆን የነበረበት እንደ ቀይ ወይን ጠጅ ጠርቶ፣ ከበስተጀርባው የመስኮቱ ሽቦ አንድ በአንድ ይታያል። ሕዋሶቹ ፈርሰዋል።

ወጥታ ነገረቻቸው። "የኦባንግ ደም አይሆንም።"

አስማረ ጭንቅላቱን ያዘ። ሷሊህ የሚባሉት፣ የቃሬዛውን ፊት ይዘው የመጡት ሽማግሌ፣ ቀስ ብለው፣ "ድሮም የእኛና የእነሱ ደም አይስማማም" አሉ።

ኦባንግ ሰማ። እጅጌውን ቁልቁል መለሰና ቁልፉን ቆለፈ። "የኔ ደም ምን አደረገ?" አለ። መረቡን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ግድቡ በሚወስደው መንገድ ሄደ።

አጅዋንግ ክፍሏ ገብታ ከበሩ እስከ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ እስከ በሩ ተመላለሰች። ሕዋሱ ከፈረሰ ደሙ አይሰጥም፤ መጽሐፉም የሚለው ይህንኑ ነው። ግን አንድ ነገር ዕረፍት ነሳት። ሲፈርስ ሁሉም አንድ ላይ፣ በቅጽበት ነው የፈረሰው። የማይስማማ ደም እንዲህ ይቸኩላል?

ከጥሩነሽ ጣት ከተወሰደው ደም ጥቂት ጠብታ ተርፎ ነበር። በዚያው የጨው ውሃ ውስጥ ጣል አደረገችው። ሌላ የማንም ደም አልነካውም። ቱቦው ጠርቶ ቀላ።

አጅዋንግ የጨው ውሃውን ጠርሙስ ከፍታ ቀመሰችው። ትክክለኛው እንባ እንባ ነው የሚለው። ይኼ ጨው አለው ለማለት ይከብዳል።

ሚዛኑ በግርግሩ ጊዜ ጠፍቷል። ከእሷ በፊት የነበረው ሰው ለአንድ ሊትር ውሃ የሚበቃውን የፋብሪካ ደቃቅ ጨው በአንድ ማንኪያ ለክቶ፣ ማንኪያውን ከማሰሮው አንገት ጋር በገመድ አስሮላት ሄደ። እሷም ሦስት ዓመት በዚያ ማንኪያ ሠራች። ደቃቁ ጨው ባለፈው ሳምንት አለቀ። መንገዱ ዝግ ስለነበር ከገበያ ድፍን ጨው ገዝታ፣ ከርድዳ፣ በዚያው ማንኪያ፣ ያንኑ ያህል ሰፈረች። ጨው ግን ሲከረደድ በመካከሉ አየር ይይዛል፤ የሐምሌን እርጥበት ጠጥቶ ደግሞ ግማሹ ውሃ ሆኗል።

የሕዋስ ሽፋን ውሃን ያሳልፋል፤ ጨውን ግን በቀላሉ አያሳልፍም። ከውጭ ያለው ከውስጡ ከቀጠነ፣ ውሃው ጨው ወደበዛበት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ሕዋሱ ይነፋል፣ ይነፋል፣ ይፈርሳል። የውጭው ጨው ከበዛ ደግሞ ውሃው ከውስጥ እየወጣ ሕዋሱ ይጨማደዳል። መምህሯ ጅማ ላይ ኦስሞሲስ ብሎ ሰሌዳ ላይ ጽፎት ነበር። ፈተናውን በትክክል መልሳ ረስታዋለች።

አራት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ሌላ የጨው ውሃ የለም፤ ባንተአምላክ ዘንድ የቀረው ግሉኮስ ሲሆን እሱ የሚስማማውንም ደም ያያይዘዋል። ጨውን በምን ትለካው?

በራሱ በደሙ።

ድፍኑን ጨው መርፌ በሚቀቀልበት ምድጃ ላይ አድርቃ ወቀጠች። ከዚያ በጥቂት የተጣራ ውሃ ውስጥ ወፍራም አድርጋ በጠበጠችው። ጨው ጥለው ቢተዉት ከበዛበት ወደ ሌለበት ራሱ ቀስ እያለ ይሰራጫል፤ ዲፊዥን ይሉታል፤ ግን ቀኑን ይፈጃል። እሷ ክንዷ እስኪዝል አማሰለች። ስድስት ቱቦ ደረደረች። በመጀመሪያው ሁለት ጠብታ ወፍራሙን ከስምንት ጠብታ ንጹሕ ውሃ ጋር፣ በሁለተኛው ሦስት ከሰባት፣ እንዲህ እያለች እስከ መጨረሻው ድረስ ሄደች። የገዛ ጣቷን ወጋችና በየቱቦው አንዳንድ ጠብታ ጣለች።

የመጀመሪያው ጠርቶ ቀላ። የቀሩትን በዓይን መለየት አይቻልም። ማይክሮስኮፑ ብርሃን የሚያገኘው ከመስታወቱ፣ መስታወቱም ከፀሐይ ነው፤ ፀሐይዋ ግን ደመና ውስጥ ገባች።

"ውጪ እንጂ!" አለች በአኙዋክኛ፣ መስታወቱን ወዲያና ወዲህ እያዞረች።

ባንተአምላክ በበሩ አንገቱን አስገባ። "ምን ትሠሪያለሽ? የልብ ምቷ እየፈጠነ ነው።"

"ሳትጠይቀኝ ቁም።"

ደመናው ተገለጠ። በሁለተኛው ቱቦ ሕዋሶቹ ሊፈርሱ ጥቂት የቀራቸው፣ እንደ ኳስ የተነፉ ናቸው። በአምስተኛውና በስድስተኛው ዙሪያቸውን እሾህ አውጥተው ተኮማትረዋል። በሦስተኛውና በአራተኛው ግን መካከላቸው ጎድጎድ ያለ፣ የተደላደሉ ናቸው። የሁለቱን መካከል ያዘች። በዚያ ውሃ የኦባንግን ደም ከጥሩነሽ የደም ውሃ ጋር እንደ ገና ቀላቀለች፤ በሰውነት ሙቀት መቆየት ስላለበትም ቱቦውን ብብቷ ውስጥ ይዛ ሃያ ደቂቃ በረንዳው ላይ ተመላለሰች። አውጥታ አየችው። አልተያያዘም፤ አልፈረሰም።

ኦባንግን እየሮጠች የደረሰችበት የግድቡ መታጠፊያ ላይ፣ መረቡን ሰብስቦ ወደ ሌላ ቦታ ሊሄድ ሲል ነው።

"ተመለስ። ደምህ ይሆናል።"

"አይሆንም ብለሽ የለም?"

"ያልሆነው የኔ ውሃ ነው። ደምህ ደህና ነው።"

ኦባንግ ቆም አለ፤ ፊቱን ግን አላዞረም። "አይሆንም ያልሽው ሰው ፊት ነው።"

"ሰው ፊት እመልሰዋለሁ።"

ግቢው ሲደርሱ ሰዎቹ ተነሡ። አጅዋንግ ጠርቶ የቀላውን ቱቦ አስማረ ዓይን ሥር አመጣችው። ትንፋሿ ገና አልተመለሰም።

"ይኼ የማን ደም ነው?"

"የሱ ነዋ፣ ሲስተር" አለ አስማረ ወደ ኦባንግ እያየ።

"ሲስተር አይደለሁም። ይኼ የሚስትህ ደም ነው። የኦባንግ ደም አልነካውም። የጨው ውሃውን እኔ አቅጥኜ ሠራሁትና የራሷንም አፈረሰው። ጥሩነሽ ከጥሩነሽ ጋር አትስማማም ልበል? ጥፋቱ የኔ ነው።"

ሷሊህ ቱቦውን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አነሡ። "እንደ ተነከረ ሽምብራ ጠጥቶ ጠጥቶ ፈነዳ በይኛ።"

"እንደሱ ነው፣ ጋሼ።"

"ጨው ሲበዛስ?" አለ ኦባንግ፤ ከሄደ ወዲህ ለሰው ሁሉ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነው።

"አንተ ዓሣህ ላይ ጨው ስትነሰንስ ምን ይሆናል?"

"ውሃውን ይተፋል። ይጨማደዳል።"

"ደምም ያው ነው።"

ሷሊህ ቱቦውን መለሱላት። ከዚያ ከተቀመጡበት አግዳሚ ላይ ጋቢያቸውን አንሥተው ለኦባንግ ቦታ ለቀቁ።

ከኦባንግ የተቀዳው ደም ወደ ጥሩነሽ መንጠባጠብ ሲጀምር ስድስት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነበር። አደገኛው የመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ነው፤ ብርድ ብርድ ካላት፣ ወገቧን ካመማት ወዲያው ይቋረጣል። ባንተአምላክ ምቷን ይቆጥራል፤ አስማረ ሕፃኑን ታቅፎ በሩ ላይ ቆሟል። አጅዋንግ ከአልጋው ራስጌ እስከ ግርጌ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ የጥሩነሽን እግር ትነካለች፣ ትሄዳለች። ሩብ ሰዓቱ አለፈ። ግማሽ ሰዓት ሆነ። እግሯ እንደ ጠዋቱ አይቀዘቅዝም።

ጥሩነሽ ዓይኗን ገለጠች።

"ሲስተር፣ እባክሽ ተቀመጪልኝ" አለች በቀጭን ድምፅ። "ስትመላለሺ ራሴን አዞርሽብኝ።"

በሩ ላይ አስማረ ሳቅና ልቅሶ ተቀላቀለበት። አጅዋንግ የአልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ሲስተር አይደለሁም አላለችም።

ብዙ አልቆየችም። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ግድግዳው ላይ አረፈች፤ ከጠዋት ጀምሮ ያልታየ የወባ ስላይድ ደግሞ ሃያ ሰባት ነበር። ክፍሏ ገብታ መጀመሪያ ማንኪያውን ከገመዱ ቆርጣ መሳቢያ ውስጥ ወረወረች። በቦታው መርፌ አሰረች። ከዚያን ቀን ጀምሮ አዲስ የጨው ውሃ በሠራች ቁጥር ጣቷን ወግታ አንድ ጠብታ ትጥልበታለች፤ ሕዋሶቹ እንደ ነበሩ መቆየታቸውን ሳታይ የማንንም ደም አትነካበትም። የምታየውም ቆማ ነው።