ማሽኑ ፍልሰታን የጾመ ጊዜ

ወልደአረጋይ የአንኮበር ቄስ ልጅ ነው። አባቱ ለድቁና ሲያስቡት፣ እሱ የደብሩን ደወል እጠግናለሁ ብሎ ፈታታውና ምእመናኑ ወር ሙሉ ቅዳሴ ሲያመልጣቸው ከረመ። ከዚያ በኋላ ደብረ ብርሃን እሄዳለሁ ቢል «ቆይ» ያለው ሰው አልነበረም።

እዚያም በአቶ ዘርአ ዳዊት ትንሽ የሱፍ መፍተያ ቤት ማሽን ዘይት የሚቀባ ሠራተኛ ሆነ። ማሽኑ አንድ ብቻ ነው፤ ከባሕር ማዶ የመጣ። ወልደአረጋይ ከሚስቱ ጠባይ ይልቅ የማሽኑን ጠባይ ያውቃል ይባል ነበር። ይህን የምታወራው ራሷ ሚስቱ ናት።

በሃምሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ፍልሰታ በገባ በአራተኛው ቀን፣ ማሽኑ አቃሰተና ቀጥ አለ።

«ቅዳሜ ካልዞረ» አሉ አቶ ዘርአ ዳዊት፣ «አንተም ወደ አንኮበርህ!»

ደግነቱ በዚያው ሳምንት ኃይለ ገብርኤል የሚባል የምህንድስና ተማሪ ለክረምት ልምምድ ከአዲስ አበባ ተልኮ መጥቶ ነበር። ልጁ ሁለት ቀን ሙሉ ማሽኑን ፈታ፣ ለካ፣ ወረቀት ላይ ሣለ።

«ሥዕሉስ ያምራል» አለ ወልደአረጋይ። «እሱ ይዞራል?»

ዓርብ ጧት ተማሪው የማሽኑ ጥርሶች ላይ የተጋገረውን ነገር በጣቱ ነካና አሸተተ።

«ጋሼ፣ ይሄ የኑግ ዘይት አይደለም እንዴ?»

ወልደአረጋይ ጣራ ጣራውን አየ። «ነው።»

«ግራሶውስ?»

«ጣሳው ላይ የበሬ ሥዕል አለበት። ሞራ ነው! ሞራ ስዳብስ ውዬ፣ በዚያው እጄ በፍልሰታ ልጎርስ?»

«በሬውማ የነጋዴው ምልክት ነው! ግራሶ ከመሬት ሥር ከሚወጣ ዘይት ነው የሚሠራው። ኑጉ ግን በዚህ ብርድ ሙጫ ሆነብዎት።»

«አንተ ቄስ ነህ?»

ተማሪው ቄስ ስላልነበረ ጣሳውን ተሸክመው ወደ ወልደአረጋይ ነፍስ አባት ወደ አባ ገብረመንፈስቅዱስ ሄዱ። አባ አሸተቱ፤ ፊታቸውን አጨማደዱ፤ ደግመው አሸተቱ።

«በሬ እንዲህ ቢሸት ኖሮ የሚያርስበት አይገኝም ነበር። የጾም ነው፤ ቅባ።»

ሁለቱ እስኪመሽ ጥርሶቹን በላምባ ሲያጥቡ ዋሉ። ወሬው እስከ መዘዞ ከተማ ደርሶ እስኪመለስ ማሽኑ መጾም ብቻ ሳይሆን መዝሙረ ዳዊትም የሚደግም ሆኖ ነበር።

ቅዳሜ ጧት ማሽኑ ዞረ።

«ምን ሆኖ ነው የቆመው?» አሉ አቶ ዘርአ ዳዊት።

ተማሪው አፉን ሳይከፍት ወልደአረጋይ ቀደመ። «እኔ ነኝ ጌታዬ» አለና ከበሬው እስከ አባ ያለውን ሁሉ ዘረገፈው። የጌታው ፊት ጠቆረ።

«ጋሼን ያባርሯቸው ይሆናል» አለ ተማሪው። «ግን ጣሳው ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ የነገራቸው ማን ነው? እኔም ሁለት ዓመት ስማር፣ የሚቀባውን ሰው ጠይቅ ያለኝ አልነበረም። ይህንኑ ለትምህርት ቤቴ እጽፋለሁ። ደግሞስ፣ በሳቸው ቦታ የሚቀጥሩት ሰው አይጾምም?»

አቶ ዘርአ ዳዊት የሚያውቁትን ሰው ሁሉ በሐሳባቸው ዞሩ። የማይጾም አጡ።

«በል» አሉት ወልደአረጋይን፣ «ያንን በሬ ከጣሳው ላይ ፋቅልኝ!»

በሚቀጥለው ክረምት ሁለት ተማሪዎች መጡ። የያዙት የትምህርት ቤታቸው ደብዳቤ መጀመሪያ ማሽን ቀቢውን እንዲያነጋግሩ ያዛል። ወልደአረጋይ ደብዳቤውን አስነብቦ ሰማ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ በሬው የተፋቀበትን ጣሳ አቀረበላቸው።

«መፍታቱ ይቆየን» አላቸው፤ «በመጀመሪያ አሽትቱ።»